25ቱስ?

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን 100 ምስል ተሰጠኝና «ለይተህ አምጣ» ተባልኩ። ምስሎቹ በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ፣ ሌፕ በተባለው ማሽን ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ተጋጭተው የወጣውን የሚያሳዩ ናቸው። አንድ ምስል፣ አንድ ግጭት። የእኔ ሥራ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ መሙላት ብቻ ነበር፦ የኤሌክትሮን ጥንድ፣ የሙዮን ጥንድ፣ የታው ጥንድ (ሙዮንና ታው የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች ናቸው)፣ አራተኛው ደግሞ «ሃድሮን» የምንለው፣ ብዙ መስመር የሚረጨው ዓይነት።

ማታ ተቀምጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምስል ከመካከል ነጥብ ተነስተው በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ እንደ መጥረጊያ የተበተኑ መስመሮች ነበሩት። ቆጠርኳቸው፤ 23። ቀጣዩ 19። የሚከተለው 26። ሃድሮን፣ ሃድሮን፣ ሃድሮን። እንዲህ ስል ስል ድንገት ሁለት መስመር ብቻ ያለው ምስል ይመጣል፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ ሌላው ሁሉ ባዶ። ያ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለዓይን እረፍት ነው። ሌሊቱ ሲጋመስ ጨረስኩ። 88 ሃድሮን፣ 5 ሙዮን፣ 4 ኤሌክትሮን፣ 3 ታው። ደመርኩት፤ 100። ተኛሁ።

ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሁለት ቀይ ምልክት አለበት። አንደኛው 41ኛው ምስል ላይ የተደረገ ክብ ነው። ሁለተኛው ግርጌው ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነው፦ «25ቱስ?»

የትኞቹ 25? 100 ተሰጠኝ፣ 100 መለስኩ። መምህራችን የሌላ ተማሪ ወረቀት ላይ ሊጽፉት ያሰቡትን የእኔ ላይ የጻፉት መሰለኝ። ሄዶ መጠየቅ ነበር ወጉ፤ ግን አላዋቂ መምሰል ስለማልወድ ዝም አልኩ። በዚህ ክፉ ጠባዬ ምክንያት መልሱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ያን ማታ ግን ከሠንጠረዡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ሁለት ገብቶ እንዴት 23 ይወጣል? እነዚህ ሁሉ እስከዚያ የት ነበሩ?

ችግሩ በከፊል የቃሉ ነው። «ግጭት» ስንል የሚታየን ስባሪ ነው፤ ስባሪ ደግሞ ከመሰበሩ በፊትም እዚያው ነበረ። ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ ይህ አስተሳሰብ በመጠኑ ያስኬዳል፤ ፕሮቶን ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶችና እነሱን የሚያጣብቁት ግሉኦኖች የታጨቁበት ከረጢት ነውና። ኤሌክትሮን ግን እስከ ዛሬ በተደረገው ልኬት ሁሉ ውስጥ የሚባል ነገር አልተገኘለትም። ስፋት ቢኖረው እንኳ ከፕሮቶን ስፋት አንድ ሺኛ በታች ነው። ሊሰበር የሚችል ነገር የለውም። ፖዚትሮንም እንዲሁ ነው፤ መጠነ ቁሱ ያው፣ የኤሌክትሪክ ሙሉ ግን ተቃራኒ፣ አዎንታዊ። ካርል አንደርሰን በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ውስጥ ያገኘው እሱን ነው።

ሒሳቡን ላስቀምጠው። የአንድ ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ በጉልበት ሲለካ 0.511 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የፖዚትሮኑ ሲደመር ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። ሌፕ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያጋጫቸው ግን በድምሩ 91 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይዘው ነው፤ ከዚህ በኋላ ይህን ቢሊዮን በአጭሩ ጂኢቪ እለዋለሁ። ስለዚህ ከገባው ሁሉ ውስጥ «ቁስ» የነበረው ከ89,000 አንድ እጅ ያህል ነው። ቀሪው ሩጫ ነው፤ ንጹሕ ሩጫ። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ለቅጽበት የሚቀረው ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ወይም ዜድ የሚባለው ከባድ ቅንጣት ነው። እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ሙሉ ዜሮ ነው፤ አሉታዊና አዎንታዊው ተጣፍቷል። የኤሌክትሮንነት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ከግራ የመጣው ሞመንተም ከቀኝ ከመጣው ጋር ተጣፍቶ ዜሮ ነው። መምህራችን ይህን «ካዝናው በጉልበት ሞልቷል፣ ደብተሩ ግን ባዶ ነው» ይሉት ነበር። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ደብተሩ ተደምሮ ዜሮ እስከመጣ ድረስ፣ ጉልበቱም እስከበቃ ድረስ ይፈቀዳል። ኤሌክትሮን ስለገባ ኤሌክትሮን ይወጣል ማለት አይደለም። ሙዮን ይወጣል፤ ከፀረ-ሙዮኑ ጋር። ኳርክ ይወጣል፤ ከፀረ-ኳርኩ ጋር።

እንግዲህ 23ቱ መስመሮች የትም አልነበሩም። የተሠሩት እዚያው ነው።

ይህን ነገር እንደ ተራ እውነት ለማንበብ ቀላል ነው። ነገሩ ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ባዶውን ደብተር እንደ ሀብት ማየት ነበረበት፤ ያ ሰው ብሩኖ ቱሼክ ነው። በ1921 ቪየና ተወለደ፤ እናቱ አይሁዳዊት ነበሩ። በናዚ ዘመን በከተማው ዩኒቨርሲቲ መቀጠል ሲከለከል ማንነቱ ወደማይታወቅበት ወደ ጀርመን ሄደ፤ ሀምቡርግ ውስጥ ከኖርዌዩ ሮልፍ ቪደሮ ጋር ኤሌክትሮን ማፋጠኛ በመሥራት ላይ ተሳተፈ። ቪደሮ በዚያ ጊዜ ቅንጣቶችን ፊት ለፊት አስሮጦ የማጋጨት ሐሳብ መጥቶለት በ1943 ባለቤትነቱን አስመዝግቦ ነበር። ቱሼክ ግን ይህ ግልጽ ነገር ስለሆነ የሚመዘገብ አይደለም ባይ ነበር። በ1945 መጀመሪያ ጌስታፖ ያዘው። ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ኪል ማጎሪያ በእግር ሲነዱ ታሞ ነበርና ወደቀ፤ ጠባቂው ተኮሰበት፤ ሞቷል ተብሎ በደሙ እንደተነከረ መንገድ ዳር ተተወ። ጥይቱ ጆሮው አካባቢ አቁስሎት ነበር እንጂ አልገደለውም።

ከዚህ በኋላ 15 ዓመት ቆይቶ፣ ማርች 7 ቀን 1960፣ ጣሊያን ፍራስካቲ በሚገኘው ቤተ ሙከራ ቆሞ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን መጠነ ቁሳቸው እኩል፣ ሙላቸው ተቃራኒ ከሆነ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ ቀለበት ለሁለቱም ይበቃል፤ አንዱ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ሌላው በራሱ ጊዜ በተቃራኒው ይዞራል። ሲገናኙም የሚፈጠረው ነገር ከየትኛውም ግጭት ይልቅ ለስሌት የተመቸ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ አዳ የተባለችው ማሽን ኤሌክትሮን ይዛ መዞር ጀመረች። ዙሪያዋ 4 ሜትር ያህል ነው። የሌፕ ዙሪያ 27 ኪሎ ሜትር መሆኑን ሳስብ አዳን እንደ ችግኝ አያታለሁ።

አዳ በ1962 ጨረሩ ወደሚበረታበት ወደ ፈረንሳይ ኦርሴ በጭነት መኪና ተወሰደች። እዚያ ሁለቱ ወገኖች በእርግጥ እየተገናኙ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ አዲስ ቅንጣት ለማየት ግን አቅሟ አልደረሰም። እግረ መንገዷን አንድ ደስ የማይል ነገር አሳየች፦ በአንድ ጭፍራ ውስጥ አብረው የሚሮጡ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ከመንገድ ይወጣሉ፤ ጨረሩም ቀስ በቀስ ይመነምናል። ይህ ዛሬም «የቱሼክ ውጤት» ይባላል። ከሞት የተረፈ ሰው ስሙ ለቅንጣቶች ዕድሜ ማጠር መጠሪያ መሆኑ ይገርመኛል።

ፊት ለፊት ማጋጨቱ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አንድ ቁጥር ይበቃል። ኤሌክትሮኑ ቆሞ ፖዚትሮኑ ብቻ ሮጦ እንዲመታው ቢደረግ፣ ዜድን ለመፍጠር ከ8 ሚሊዮን ጂኢቪ በላይ ይዞ መምጣት ነበረበት። ፊት ለፊት ሲሆን ለእያንዳንዳቸው 45.6 ይበቃል። የቀረው ጉልበት የት ይሄዳል ለሚል፣ የተፈጠረውን ነገር ወደፊት በመግፋት ይባክናል።

ወደ 23ቱ መስመሮች ልመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩት ጥንድ ለምን እንደሚወጣ እንጂ መጥረጊያ ለምን እንደሚወጣ አይደለም። ሙዮንና ፀረ-ሙዮን ሲፈጠሩ ተለያይተው ይሄዳሉ፤ በምስሉ ላይ ሁለት መስመር ናቸው፤ አለቀ። ኳርክ ግን ብቻውን መሄድ አይችልም። ኳርኩና ፀረ-ኳርኩ ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው የጠንካራው ኃይል መስክ እንደ ስበት እየተበተነ አይደክምም፤ ተሰብስቦ እንደ ቀጭን ገመድ ይወጠራል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ጉልበት ይጠራቀምበታል፦ በአንድ ፌምቶ ሜትር፣ ማለትም ከፕሮቶን ወርድ ባነሰ ርቀት፣ 1 ጂኢቪ ያህል። ይህ ውጥረት ወደ ምናውቀው ክብደት ሲመለስ 16 ቶን የሚያህል ነገር አንጠልጥሎ እንደመያዝ ነው፤ ያውም በሁለት ኳርኮች መካከል።

ገመዱ ይበጠሳል። የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ሁለት አዲስ ጫፍ ያወጣል፤ አንደኛው ጫፍ አዲስ ኳርክ፣ ሌላኛው አዲስ ፀረ-ኳርክ ነው። ጫፉን ብቻ ለማግኘት ብለህ ብትጎትት ብትጎትት የምታገኘው አጭር ገመድ ነው እንጂ ጫፍ ብቻውን አይደለም። ቁርጥራጮቹ ከዚያ በላይ ለመበጠስ ጉልበት እስኪያጡ ይቀጥላሉ፤ በመጨረሻ የቀሩት አጫጭር ገመዶች ናቸው እኛ ሃድሮን የምንላቸው። «ስባሪ የለም» ብዬ ጀምሬ ወደ መበጠስ መመለሴን አውቃለሁ። ልዩነቱ እዚህ የሚበጠሰው ዕቃ ራሱ አሁን የተፈጠረ መሆኑ ነው።

በዜድ ጉልበት ላይ ከአንድ የሃድሮን ግጭት በአማካይ 21 ያህል ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ የእኔ 19፣ 23፣ 26 እንግዲህ የተለመደ ነው። ከ21ዱ 17ቱ ገደማ ፓዮን ናቸው፤ ከሃድሮን ሁሉ ቀላሉ እሱ ስለሆነ ገመዱ ሲበጠስ በርካሽ የሚገኘው እሱ ነው። ካኦን ሁለት ያህል፣ ፕሮቶንና ፀረ-ፕሮቶን በድምሩ አንድ ያህል ይገኛሉ። ሙል የሌላቸው ፓዮኖች ደግሞ ወደ 10 ይጠጋሉ፤ እነሱ ወዲያው ወደ ፎቶን ስለሚለወጡ መስመር አይተዉም። ደብተሩ እዚህም ይሠራል፦ «ስትሬንጅ» ኳርክ የያዘ ካኦን በአንድ ቦታ ካለ፣ የፀረ-ስትሬንጁ ባለቤት ከዚያው መጥረጊያ ወይም ከማዶኛው ውስጥ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባኝ ነበር። ጉልበቱ በእጥፍ ሲያድግ የቅንጣቱ ብዛት በእጥፍ አያድግም። በ35 ጂኢቪ አካባቢ አማካዩ 13 ወይም 14 ነበር፤ በ91 ወደ 21፣ በ200 ወደ 27። ጉልበቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲጨምር ብዛቱ እጥፍ ብቻ። ትርፉ ጉልበት አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ የተፈጠረውን በማስሮጥ ያልቃል። በደካማ ጉልበት የሚረጩ ግሉኦኖችም እርስ በርሳቸው እየተጣፉ ብዛታቸውን ይገድባሉ። ሙሉውን ሒደት ከመሠረታዊ እኩልታ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ፓዮን ያሰላ ሰው ዛሬም የለም። የምንጠቀመው በስዊድኗ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተገነባውን የገመድ ሞዴል ወይም መሰሎቹን ነው፤ ከልኬት ጋር እስኪስማሙ በውስጣቸው ያሉት ቁጥሮች ይስተካከላሉ። ይህን የሚያሳፍር ነገር አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ እንዲያውም የዚህ መስክ ሐቀኛ ገጽ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ስለ ኳርክ ሌላም መቁጠሪያ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው። ከዜድ በእጅጉ ባነሰ ጉልበት፣ መካከለኛው ፎቶን በሆነበት፣ የሃድሮን ግጭቶችን ብዛት ለሙዮን ጥንዶች ብዛት አካፍል። ኳርኩ ሙሉ በጨመረ ቁጥር የመፈጠር ዕድሉ በሙሉ ካሬ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሙላቸው መጠን ከኤሌክትሮኑ 2/3፣ 1/3 እና 1/3 ለሆነው ለሦስቱ ቀላል ኳርኮች 4/9 እና 1/9 እና 1/9፣ ድምሩ 2/3 ነው። የሚለካው ግን 2 አካባቢ ነው። ሦስት እጥፍ! እያንዳንዱ ኳርክ በሦስት «ቀለም» ስለሚመጣ ነው። ቀለም ማንም አይቶ አያውቅም፤ ግን በዚህ ማካፈል ይቆጠራል። ጉልበቱ አራተኛው ኳርክ፣ ቻርም፣ የሚፈጠርበት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ወደ 10/3 ይዘላል፤ ከአምስተኛው ጋር 11/3። እንደ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን አንድ አዲስ ኳርክ።

እዚህ ደረጃ ላይ ፍራስካቲዎች አንድ ከባድ ነገር ደረሰባቸው። የአዳ ግዙፍ ታናሽ እህት አዶኔ በ1969 ሥራ ጀምራ ሃድሮን ከተጠበቀው በላይ በብዛት እንደሚፈጠር አሳይታ ነበር። የተሠራችው ግን በድምሩ እስከ 3 ጂኢቪ እንድትደርስ ነው። በኖቬምበር 1974 በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ፣ ስፒር በተባለው ቀለበት ላይ የበርተን ሪክተር ቡድን ጉልበቱን በጥቂት በጥቂቱ ሲያንቀሳቅስ የሃድሮኑ ብዛት በድንገት ወደ 100 እጥፍ ተተኮሰ። በ3.1 ጂኢቪ ላይ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በብሩክሄቨን የሳሙኤል ቲንግ ቡድን ያንኑ ቅንጣት በሌላ መንገድ አግኝቶት ነበር፤ ስለዚህ ጄ/ፕሳይ የሚል ድርብ ስም ወጣለት። ቻርም ኳርክና ፀረ-ቻርም ተጣብቀው ነው። ፍራስካቲዎች ወሬውን እንደሰሙ የማግኔቱን ኤሌክትሪክ ከተፈቀደው በላይ ገፉት፤ በቀናት ውስጥ እነሱም አዩት፤ ጽሑፋቸውም ከሁለቱ ቡድኖች ጋር በአንድ እትም ወጣ። የኖቤል ሽልማቱ በ1976 ለሪክተርና ለቲንግ ሆነ። ለዓመታት አጠገቡ ተቀምጠው በ0.1 ጂኢቪ አመለጣቸው። እዚያ የነበረ ሰው ይህን እንዴት አድርጎ ይረሳዋል?

አሁን 41ኛው ምስል። ከአንድ ወገን አንድ መስመር፣ ከሌላው ወገን ሦስት ተጠጋግተው የሚሄዱ መስመሮች። እኔ «ትንሽ ሃድሮን» ብዬ አልፌው ነበር። አይደለም፤ ታው ነው። ታው ተወልዶ ወዲያው ይፈርሳል፤ የሚተወው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሦስት መስመር ነው። ለምን ሁለት አይሆንም? የታው ሙል አንድ ስለሆነ የልጆቹ ሙል ተደምሮ አንድ መምጣት አለበት። በማግኔቱ መስክ ውስጥ መስመሮቹ ይታጠፋሉና በኋላ ቁጭ ብዬ አየኋቸው፦ ከሦስቱ ሁለቱ ወደ አንድ ጎን፣ አንዱ ወደ ሌላ ጎን ታጥፈዋል፤ የማዶው ብቸኛ መስመር የጎደለውን ሞላ። ዜሮ። ዜሮ የሆነው ግን ሙሉ ብቻ ነው፤ ጉልበቱን ስደምር ሒሳቡ አይሞላም፤ ከ91ዱ ብዙ ጎድሏል። ኒውትሪኖ የሚባሉት፣ መስመር የማይተዉ ቅንጣቶች ይዘውት ሄደዋል።

ማርቲን ፐርል ታውን ያገኘው በዚሁ ጉድለት ነው፤ በስፒር ላይ በ1975። እሱና ባልደረቦቹ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ሙዮን ብቻ የሚታዩባቸው 64 ግጭቶች አገኙ። ኤሌክትሮንና ሙዮን ለብቻቸው ጥንድ መሆን አይችሉም፤ የኤሌክትሮንነቱ ደብተር አይዘጋም። ስለዚህ የማይታዩ ሌሎች አሉ፣ ከእነሱም በስተጀርባ አዲስ ከባድ ወላጅ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው አላመነም ነበር። ሙዮንን ያዩ ሰዎች ራሱ ገና «ይህ ደግሞ ለምን አስፈለገ?» እያሉ ባለበት ሦስተኛ መጣ ማለት ቀላል አልነበረም። ፐርል የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ1995 ነው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ። 64 ግጭት ይዞ ያን ሁሉ ጥርጣሬ መቋቋሙን ሳስብ፣ አንዷን ታው ሃድሮን ብዬ ማለፌ ትንሽ ይቀልልኛል።

ሃድሮን ካልኳቸው መካከል ጥቂቶቹ በሁለት ሳይሆን በሦስት አቅጣጫ የተበተኑ ነበሩ። ሦስተኛው መጥረጊያ ከግሉኦን የመጣ ነው፤ በ1979 ሀምቡርግ በሚገኘው ፔትራ ቀለበት የታየ። ከዚያ ምስል ይልቅ እኔን የሚማርከኝ በቀጣዩ ዓመት በዚያው በፔትራ ጄድ የተባለው ሙከራ ያሳየው ነው፦ በኳርኩና በግሉኦኑ መካከል፣ እንዲሁም በግሉኦኑና በፀረ-ኳርኩ መካከል ጥቃቅን ቅንጣቶች ይበዛሉ፤ በኳርኩና በፀረ-ኳርኩ መካከል ግን ይሳሳሉ። ገመዱ ከኳርኩ ተነስቶ ግሉኦኑን ዞሮ ወደ ፀረ-ኳርኩ ስለሚሄድ በቀጥታ በሁለቱ መካከል የተወጠረ ነገር የለም። የሉንድ ሰዎች ይህን አስቀድመው ተንብየውት ነበር። ምሳሌ ብቻ የመሰለኝ ገመድ ጥላውን ጥሎ ሲገኝ ማየት ነው።

25ቱ የተገለጡልኝ ስለ ሌፕ ሥራ እያነበብኩ ሳለ ነው። ሌፕ በ1989 ሥራ ሲጀምር ዋናው ጉዳይ ዜድን በብዛት መፍጠር ነበር፤ አራቱ ዲቴክተሮች፣ አሌፍ፣ ዴልፊ፣ ኤልስሪ እና ኦፓል፣ በጠቅላላ 17 ሚሊዮን ያህል ዜድ መዘገቡ። ጉልበቱን ከ91 ትንሽ በታችና ትንሽ በላይ እያደረጉ የግጭቱን ብዛት ሲለኩ ተራራ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። የተራራው ስፋት ዜድ ስንት ዓይነት ነገር ሆኖ መፍረስ እንደሚችል ይናገራል፦ በሩ በበዛ ቁጥር ቶሎ ይፈርሳል፣ ቶሎ ከፈረሰ ተራራው ይሰፋል፣ ጫፉም ዝቅ ይላል። በሩ ለእኛ የማይታይ ቢሆንም እንኳ። አንድ ተጨማሪ የኒውትሪኖ ዓይነት ቢኖር ኖሮ የሃድሮኑ ተራራ ጫፍ 12 ከመቶ ገደማ ዝቅ ይል ነበር። አልወረደም። ማሽኑ በተከፈተ በጥቂት ወር ውስጥ መልሱ ሦስት መሆኑ ታወቀ፤ በሥራው ማብቂያ የወጣው ቁጥር 2.984 ሲሆን የስህተቱ ወሰን 0.008 ነበር።

ለዚህ ጥራት የተከፈለው ዋጋ ያስቃል። የጨረሩ ጉልበት በማይታወቅ ምክንያት ይዋዥቅ ነበር። ሲጣራ አንደኛዋ ተጠያቂ ጨረቃ ሆነች፤ ባሕር እንደምታነሳ ሁሉ ዓለቱንም ስለምትስብ የ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጥና ይኮማተር ነበር። የጄኔቫ ሐይቅ ሲሞላና ሲጎድልም መሬቱ ይጫናል፣ ይነሳል። ቀን ቀን ብቻ የሚመጣው ሌላው መዛባት ደግሞ በአካባቢው ከሚያልፈው ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ወደ መሬት የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ነበር። ዜድን ሊመዝን የወጣ ሰው ጨረቃን፣ ሐይቁንና ባቡሩን አብሮ መዘነ። የዜድ መጠነ ቁስ 91.1876 ጂኢቪ ተብሎ ከነጥቡ በኋላ እስከ አራተኛው አሃዝ የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው።

ዜድ ሲፈርስ 70 ከመቶው ሃድሮን ይሆናል። ኤሌክትሮን፣ ሙዮንና ታው እያንዳንዳቸው 3.4 ከመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ደምረው፤ 80 ነው። ቀሪው 20 ከመቶ ወደ ኒውትሪኖ ጥንድ ይሄዳል፤ ዲቴክተሩን ሳይነካ፣ ምድርን ሳይነካ። ለእያንዳንዱ 80 የሚታይ 20 የማይታይ አለ። ለ100 ደግሞ 25።

መምህራችን ወረቀት አላሳሳቱም ነበር።

ሌፕ ኖቬምበር 2000 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ። ኤሌክትሮን በክብ መንገድ ሲታጠፍ ብርሃን እየተፋ ይከስራል፤ ኪሳራው ደግሞ በጉልበቱ አራተኛ እርከን ያድጋል፤ በመጨረሻው ዘመን ቅንጣቶቹ በእያንዳንዱ ዙር 3 ጂኢቪ ያህል ያጡ ነበር፤ ዙሩም በሰከንድ ከ11,000 በላይ ነው። ማግኔቶቹ ወጥተው በዚያው ዋሻ ሂግስ የተባለውን ቅንጣት በ2012 ያገኘው የፕሮቶን ማሽን ገባ። በአንድ በኩል ይህ ተገቢ ነበር። በሌላ በኩል፣ ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ የተወሰደ ምስል ባየሁ ቁጥር፣ በሺህ መስመር የተሞላ ትርምስ፣ ባዶው ደብተር ይናፍቀኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌፕ ዘመን የቀሩ ምስሎችን ሳገላብጥ አንድ እንግዳ ነገር አገኘሁ። ዲቴክተሩ ባዶ ነው። ከመካከሉ የሚነሳ አንድ መስመር እንኳ የለም። በአንድ ጎን ብቻ፣ ፎቶን በሚይዘው ሽፋን ላይ፣ አንድ ነጠላ ነጥብ በርቷል። መጀመሪያ ብልሽት መሰለኝ። መግለጫውን ሳነበው ግን ከሁለቱ አንዱ፣ ኤሌክትሮኑ ወይም ፖዚትሮኑ፣ ከመጠፋፋታቸው ከቅጽበት በፊት አንድ ፎቶን ተፍቷል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በኒውትሪኖ ወጥቶ ሄዷል። ያ ፎቶን ባይተፋ ኖሮ ዲቴክተሩ ምንም አልሆነም ብሎ ያልፍ ነበር፤ ምስልም አይኖርም።

አሮጌውን ሠንጠረዥ ከወረቀቶቼ መካከል ፈልጌ አወጣሁት። ከአራቱ ዓምዶች ጎን አምስተኛ አሰመርኩና 1 ጻፍኩበት። 24 ቀሩኝ።